የይመኙሻል መልስ

መጥሪያው ሲመጣ ይመኙሻል ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ሽምብራ ትለቅም ነበር። ይዞት የመጣው የፍርድ ቤት ተላላኪ ጨዋ ሰው ነው። ስሟን ከነአባቷ ጠርቶ እሷ መሆኗን ካረጋገጠ በኋላ አስፈረማትና ወረቀቱን ሰጣት።

«መልስ ይጠበቅብሻል» አላት። «በቀጠሮው ቀን ካላቀረብሽ ነገሩ አንቺ በሌለሽበት ያልቃል።»

«ሲጀመርስ መቼ ነበርኩበት?» አለችው።

ሰውየው ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባውም። ደህና ዋይ ብሏት ሄደ።

ይመኙሻል ከደሴ ወረድ ብላ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ሽሮና በሶ አዘጋጅታ ለሱቆች የምታስረክብ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ያስተማረችው በዚሁ ነው፤ የምትኖርበትን ቤት ያቆመችውም በዚሁ ነው። ማታ ማታ ተምራ ማንበብ ስለምታውቅ ክሱን ለማንም ሳታሳይ ራሷ አነበበችው። የከሰሳት አንድ የብድር ተቋም ነው፤ እሷንና ሌሎች አራት ሴቶችን። ለወፍጮ መግዣ ተብሎ ለሴቶቹ ማኅበር የተሰጠው ገንዘብ አልተመለሰም፤ ስለዚህ ዋስ የሆኑት አባላት ዋናውን ከነወለዱ ይክፈሉ፤ ካልከፈሉ ቤታቸው በሐራጅ ይሸጥ ይላል።

ደግማ አነበበችው። ንዴቷ የመጣው በገንዘቡ ብዛት አልነበረም፤ በቃሉ ነበር። «ተበዳሪዎች» ይላል። እሷ የዚያን ገንዘብ መልኩን እንኳ አላየችም። ዋናውን ሳትይዝ መልስ ይጠይቋታል።

ገንዘቡን ያየው ሊቀመንበሩ ነው።

ሊቀመንበሩ አቶ ገዛኸኝ ይባላል። የሴቶች ማኅበር ወንድ ሊቀመንበር ሊኖረው መቻሉ ያን ጊዜ ማንንም አልገረመም። የላይ ሰፈር ሴቶች እህላቸውን በጀርባቸው ተሸክመው ወንዝ ተሻግረው ነበር የሚያስፈጩት። ክረምት ሲሆን ወንዙ ይሞላል፤ ወፍጮ ቤቱም ተራው ረጅም ነው። አቶ ገዛኸኝ አንድ እሑድ ሰበሰባቸውና፣ «እስከ መቼ የሰው ደጅ ትጠናላችሁ? የራሳችሁ ወፍጮ ያስፈልጋችኋል። እኔ ልግዛችሁ» አላቸው። ሴቶቹ «ልግዛላችሁ» ማለቱ ነው ብለው ደስ አላቸው። እሱም አላረማቸውም።

ድምፃችሁን ስጡኝ አለ፤ ድምፃቸውን ሰጡት። ከዚያ በኋላ ብዙም ድምፅ አልቀረላቸውም። ወረቀት አምጥቶ «እዚህ ጋ እጃችሁን ስጡ» ሲላቸውም አምስቱም ተራ በተራ እጃቸውን ሰጡ። እሱ ግን የፈረመው በእነሱ ስም ነበር፤ በራሳቸው ስም የፈረሙት እነሱ ናቸው። ይህን ልዩነት ያን ቀን ያስተዋለ አልነበረም።

ወፍጮ ቤቱ ተሠራ። ሰማያዊ ቀለም ተቀባ፣ ሰሌዳም ተሰቀለለት። በምረቃው ቀን ሞተር በመኪና ተጭኖ መጣ፤ ሪባን ተቆረጠ፤ ሞተሩም ተነሣ። ጩኸቱ ለጉድ ነበር። አንዲት ሴት ያመጣችውን ስንዴ ልትጨምርበት ስትል፣ «ዛሬ በዓል ነው፤ መፍጨት ነገ ይጀመራል» ተባለች። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ፎቶ ተነሡ። ሲመሽ ሞተሩ በመጣበት መኪና ተመልሶ ሄደ፤ ለካ ከሌላ ከተማ በኪራይ የመጣ ኖሯል።

ነገ የተባለው ቀን አልመጣም። አቶ ገዛኸኝ ሲጠየቅ መጀመሪያ «የመብራት መሥመር አልተሳበም» አለ። ቀጥሎ «መለዋወጫ ከውጭ እየጠበቅን ነው» አለ። መጨረሻ ላይ «ምቀኞች አሉ» አለና ጥያቄው በዚያው ቆመ፤ ምክንያቱም ከዚያ ወዲያ የጠየቀ ሁሉ ምቀኛ ይባል ጀመር። ሴቶቹ እህላቸውን ተሸክመው በሰማያዊው ቤት በር እያለፉ ወንዝ መሻገራቸውን ቀጠሉ። በዚያው ሰሞን የአቶ ገዛኸኝ ቤት ፎቅ ሆነ።

ይመኙሻል መጥሪያውን ይዛ ወደ ሰዓዳ ሄደች። ሰዓዳ ጎረቤቷ ናት፤ በርበሬ ትነግዳለች፤ ከአምስቱ ፈራሚዎችም አንዷ ናት።

«አንቺም ደረሰሽ?»

«ደረሰኝ። ፍራሽ ሥር ከትቼዋለሁ።»

«እዚያ ሆኖ ምን ይሠራል?»

«እንጃ ይመኙ። አቶ ገዛኸኝ ሊሰበስቡን ነው አሉ። እሳቸው ያውቃሉ።»

«እሳቸውማ ያውቃሉ። የማናውቀው እኛ ነን።»

ስብሰባው በዚያው ወፍጮ በሌለው ወፍጮ ቤት ውስጥ ሆነ። አንድ ወንበር ነበር፤ እሱ ተቀመጠበት። ሴቶቹ ባዶ ጆንያ አንጥፈው መሬት ተቀመጡ። አቶ ገዛኸኝ ረጋ ብሎ ነው የተናገረው። ማንም ወደ ፍርድ ቤት እንዳይሄድ አለ። ነገሩን ከላይ ይዤዋለሁ አለ። የሄደች ካለች ማኅበሩን እንዳፈረሰች ይቆጠራል አለ።

«መልስ ስጡ ብለውናል» አለች ይመኙሻል።

«ዝም በሉ። ዝምታችሁ መልስ ነው።»

«ለማን ነው መልስ የሚሆነው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ይህ ማኅበር እስከዛሬ የቆመው በአንድነታችን ነው!»

«ይህ ቤትም እኮ ቆሟል» አለች። «አይፈጭም እንጂ።»

አንዷ ሳቀችና ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች። የአቶ ገዛኸኝ ፊት ተለዋወጠ። «ብድሩ የልማት ብድር ነው» አለ። «ለራሴ መሰላችሁ? የተበደርነው ለልጆቻችሁ ነው።»

«ለልጆቻችን ነው ወይስ በልጆቻችን ላይ?»

ሰዓዳ ከኋላ ነጠላዋን ጎተተቻት። «ተይ ይመኙ፣ በአላህ ተይ» አለቻት በሹክሹክታ። ይመኙሻል ተነሥታ ወጣች። መንገድ ላይ እየፈጠነች ሄደች፤ ፍርሃት እንዳይመስላት ፈራችና ቆም ብላ ራሷን ጠየቀች። ፍርሃት አልነበረም። እንዲህ ተናድዳ አታውቅም።

ጠበቃ ለመያዝ አቅም አልነበራትም። አንዱን ጠይቃ የነገራትን ዋጋ ስትሰማ፣ «ይህን ያህል ብር ቢኖረኝማ ማን ይከሰኝ ነበር?» ብላ ወጣች። ስለዚህ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ ከሚጽፉት ራፖር ጸሐፊዎች ወደ አንዱ ሄደች። ወንድይፍራው የሚባል፣ ፊቱ ላይ ድካም ያለበት ጎልማሳ ነው። ክሱን አነበበ።

«እናቴ፣ እንዲህ ያለውን በየቀኑ ነው የምጽፈው» አላት። «ዕዳው አለብኝ፤ አቅም ስለሌለኝ ግን በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያልኩ እንድከፍል ይፈቀድልኝ፣ እንላለን። ዳኞችም ያዝናሉ።»

«እንዲታዘንልኝ አልመጣሁም።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«አልተበደርኩም በል።»

«ፈርመሻል እኮ።»

«ፈርሜያለሁ። ፈርማለች ብለህ ጻፍ። እስከ ስንት ብር እንደሆነ ግን ያን ቀን የነገረኝ የለም፤ ወረቀቱም ላይ የለም። እኔም አላውቅም፣ ወረቀቱም አያውቅም፤ የሚያውቀው ክሱ ብቻ ነው። ልክ እንደዚህ በል።»

ወንድይፍራው እንደዚህ ተብሎ አይጻፍም ሊላት አፉን ከፈተ። ከክሱ ጋር የተያያዘውን የዋስትና ወረቀት ገልጦ ሲያየው ግን እንዳለችው ሆኖ አገኘው። ፊርማው አለ፤ የገንዘቡ ልክ አልተጻፈም። አፉን ዘጋና መጻፍ ጀመረ።

«ተበዳሪ ወይዘሮ ይመኙሻል ብዬ ልጀምር?»

«ተበዳይ በል።»

«እንደሱ የሚባል የለም እናቴ። ከሳሽ አለ፣ ተከሳሽ አለ።»

«የለም?» አለችው፤ ሌሎቹ ጸሐፊዎች ዞረው እስኪያዩአት ድረስ ድምፅዋ ከፍ ብሎ ነበር። «ይህን ሁሉ ሰው ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ያሰለፈው ታዲያ ምንድን ነው? እሺ፣ ተከሳሽ በል። ሌላም ጨምር። ገንዘቡን የወሰደው ሰው ተጠርቶ ከጎኔ ይቁምልኝ በል። ገዛኸኝ ይባላል።»

የወንድይፍራው ጣቶች ቆሙ። «ሊቀመንበሩን?»

«እሱን።»

«እኔም እኮ እዚሁ ከተማ ነው የምኖረው።»

«የት የምኖር መሰለህ እኔስ?»

ቀና ብሎ ሳያያት ጻፈው። ይመኙሻል ጨርሳ ካነበበች በኋላ ነው የፈረመችው። በአንድ ቦታ ላይ «ለማኅበሩ ዕድገት ስል» የሚል ቃል ከልማድ ገብቶ አግኝታ አሰረዘችው።

መልሷን ለሬጅስትራሩ ባስገባች በሳምንቱ ከተማው ተለወጠባት። ሽሮዋን ከሚቀበሏት ሱቆች አንዱ፣ «ሽሮሽማ ሸጋ ነው፤ ሰውየው ግን…» ብሎ ሳይጨርስ ተወው። ሌላው ጨርሶ ነገራት። ያዘጋጀችው ዱቄት በቤቷ ተከማቸ። አቶ ገዛኸኝ በመንገድ ሲያልፍ ሰላምታውን ለሁሉም አዳርሶ እሷ ጋ ሲደርስ ይጨርስ ነበር።

በዚያ መሐል የብድር ተቋሙ ሠራተኛ በሌሎቹ ሴቶች ቤት ዞረ፤ አቶ ገዛኸኝም አብሮት። ይመኙሻል ይህን የሰማችው ከራሷ ከሰዓዳ ነው። ሰዓዳ ዓይኗ አብጦ መጣች።

«ፈረምኩ» አለቻት።

«ምኑን?»

«በየወሩ ልከፍል። ካልፈረምሽ ቤትሽ ነገ ይሸጣል አሉኝ። እሳቸውም ፈርሚ፣ እኔ አለሁልሽ አሉኝ።»

«በዚህኛው ላይ ብሩ ተጽፏል?»

ሰዓዳ አቀረቀረች። «ተጽፏል» አለች።

ይመኙሻል ጮኸችባት። ደንቆሮ አለቻት፣ ፈሪ አለቻት፣ ጎረቤት የሰማውን ሁሉ አለቻት። መጮህ የነበረባት ሌላ ሰው ላይ መሆኑን እየጮኸች ሳለ ታውቋት ነበር፤ ሆኖም አፏን ማቆም አልቻለችም። ሰዓዳ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች በአንድ አጥር እየኖሩ ሳይነጋገሩ ሰነበቱ።

በችሎቱ ቀን አቶ ገዛኸኝ ከረባቱን አስሮ መጣ። ፍርድ ቤቱ በይመኙሻል ጥያቄ ወደ ክርክሩ ስላስገባው የተከሳሾች አግዳሚ ላይ ከእሷ ጋር መቀመጥ ነበረበት። ተቀመጠ፤ በመሐላቸው ግን ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተወ። ሌሎቹ አራት ሴቶች አልመጡም።

ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት፤ የሚናገረውን ሰው ሳታቋርጥ ትሰማለች። የተቋሙ ነገረ ፈጅ መጀመሪያ ተነሣ። ነገሩን ለመፍጀት የቸኮለ ይመስል ነበር። ከሰነዶቹ መሐል የምረቃውን ፎቶ አወጣ። «ተከሳሿ ስለ ብድሩ አላውቅም ይላሉ። ይኸው፣ ሥራውን በጭብጨባ አጽድቀዋል።»

ዳኛዋ ፎቶውን አየችና ወደ ይመኙሻል አዞረችው። «ይህች እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«እያጨበጨቡ ነው?»

«አዎ፣ እያጨበጨብኩ ነው። ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይኼ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ማንም እጄን ይዞ አላስጨበጨበኝም። ሞተሩ ሲጮህ ስሰማ የሚፈጭ መስሎኝ ነው።»

ከኋላ የተቀመጡት ባለጉዳዮች ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ዳኛዋ ወደ አቶ ገዛኸኝ ዞረች። «ወፍጮው ተገዝቷል?»

አቶ ገዛኸኝ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። ስለ ሴቶች ተጠቃሚነት ተናገረ። ስለ ዋጋ ንረት ተናገረ፣ ማኅበሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ተናገረ፣ የውስጥና የውጭ ምቀኞችን አነሣ። ዳኛዋ ጠብቃ ጠብቃ፣ «የጠየቅኩት ወፍጮው ተገዝቷል ወይ ብዬ ነው» አለችው።

«በሂደት ላይ ነው።»

«ገንዘቡን ከባንክ ያወጡት እርስዎ ነዎት?»

«በሊቀመንበርነቴ አዎ።»

«የት ነው ያለው?»

«እሱም በሂደት ላይ ነው።»

ዳኛዋ ይህንኑ አስመዘገበችና ወደ ይመኙሻል ዞረች። «ወይዘሮ ይመኙሻል፣ በዚህ ላይ የሚሉት አለ?»

ይመኙሻል ተነሣች። ብዙ ልትናገር አስባ ነበር። ስለ ወንዙ፣ ስለ ጆንያው፣ ስለ ፎቁ፣ ቤቷ ስለተከማቸው ሽሮ። ከሁሉም የወጣው ግን ይህ ብቻ ነበር፦

«ገዝቶናል እንጂ አልገዛልንም።»

ቃል የምትመዘግበው ጸሐፊ የትኛውን ልጻፍ በሚል ዓይን ዳኛዋን አየቻት። «እንዳሉት ጻፊው» አለች ዳኛዋ።

ፍርዱ በሌላ ቀጠሮ ተነበበ። ዋስ የሆነ ሰው እስከ ምን ያህል እንደሚጠየቅ ያልተጻፈበት ዋስትና አይጸናም፤ ስለዚህ ይመኙሻል ከክሱ ነፃ ናት ተባለ። አቶ ገዛኸኝ ገንዘቡን ማውጣቱን ስላመነና ለምን እንዳዋለው ማሳየት ስላልቻለ ከነወለዱ እንዲመልስ ተወሰነበት። አራቱ ሴቶች ግን በአዲሱ ውል ላይ ዕዳውን አምነው ፈርመዋል፤ ያመኑትን ድርሻ ይከፍላሉ ተባለ።

ይመኙሻል ይህን የመጨረሻውን ስትሰማ ወደ ኋላ ዞረች። ሰዓዳ በሩ አጠገብ ቆማለች። መቼ እንደገባች አላየቻትም ነበር። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም፤ የሰማችውን ከመስማቷ በፊት የምታውቀው ትመስል ነበር።

«እንኳን ደስ ያለሽ፤ ነፃ ወጣሽ» አላት አጠገቧ የተቀመጠ አንድ የማታውቀው ባለጉዳይ።

«ብቻዬን?» አለችው። ደስታ የሚባል ነገር አልመጣላትም። ይልቅ ያ ንዴት፣ ያለቀ መስሏት የነበረው፣ እንደ አዲስ ሲቀጣጠል ተሰማት። ሄዳ ሰዓዳ ጎን ቆመች። ይቅር በይኝ ልትላት አሰበች፤ እንዴት እንደሚጀመር ጠፋባት። ክንዷን ያዘቻት። ሰዓዳ አላስለቀቀችም፤ አብረው ወደ ግቢው ወጡ።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። ባለጉዳዮች፣ ጥበቃዎች፣ ከአጥሩ ሥር ራፖር ጸሐፊዎች። አቶ ገዛኸኝ ጥቂት ሰዎች አስከትሎ ደረጃውን ወረደ። ሁለቱ ሴቶች ፊት ሲደርስ ቆመ። ከረባቱን ላላ አደረገ። በችሎት ያልነበረው ድምፅ አሁን ወጣለት፤ ግቢው ሁሉ እስኪሰማው ጣቱን ወደ ይመኙሻል ቀስሮ ጮኸ።

«አንቺ! የዚህን ብድርሽን ሳልመልስ ብቀር ገዛኸኝ አይደለሁም!»

ከተከታዮቹ አንዱ ክንዱን ሊይዘው ሲል መነጨቀው። ይመኙሻል አንድ እርምጃ እንኳ ወደ ኋላ አላለችም። እሱን ትታ ወደ ሰዉ ዞረች።

«ሰምታችኋል!» አለች፤ ከእሱ ድምፅ የእሷ ይበልጥ ነበር። «ብድር እንዳለበት በራሱ አፍ ተናገረ! እመልሳለሁም ብሏል! ሁላችሁም ምስክሮቼ ናችሁ!»

አቶ ገዛኸኝ ሰዉን ገፍቶ ሊያልፍ ሞከረ። ይህን ጊዜ ሰዓዳ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ በፊቱ ቀና ብላ የማታውቀው ሰዓዳ፣ ክንዷን ከይመኙሻል እጅ ቀስ አድርጋ አውጥታ ወደፊት ራመድ አለችና ዓይን ዓይኑን እያየች ነገረችው።

«የእኔንም ጨምርበት።»